እጆቼን ወደ ኋላ ያጣመርሁበት ጠዋት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን የሚይዝዎት ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይ? እናቴስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅዎ፣ እንደሚያውቁኝ ወሬ ካልደረሰኝ ክፉ ክፉውን የማስብ ልጅ በመሆኔ ነው። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። እንዲያውም ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ፣ ለማን እንደምነግር ጨንቆኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ባለፈው ደብዳቤዎ፣ «ልብስ ማጠቡን ትተህ ሕፃን ማጫወት ጀመርህ አሉ፤ ይኼም ሥራ ሆነና!» ብለውኝ ነበር። አባቴ፣ ጨዋታ የሚመስል ሕክምና ነው። አሁን ያለሁበት የማገገሚያው ክፍል እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሕፃናት መቀመጥ፣ መቆም፣ ማንኪያ መያዝ የሚለማመዱበት ነው። እኔ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ኳስ አቀብላለሁ፣ ልጆቹን እደግፋለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያልዘለቅሁ በመሆኔ ለሙከራ ብቻ ነበር የወሰዱኝ። ካልሆነልኝ ወደ ልብስ ማጠቢያው እመለሳለሁ ተብዬ ስለ ነበር እህል ከአፌ አይገባም ነበር።

ከልጆቹ መካከል «አዛዧ» የምንላት የአራት ዓመት ልጅ አለች። ዶክተሩን እንኳ «ተነሥ፣ የኔ ወንበር ነው!» ትለዋለች። ከገዛ እግሮቿ በቀር ሁሉም ይታዘዛታል። እርሷን ቆማ እንድትለማመድ መርዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። እኔ ግን ገና ዘንበል ስትል ዘልዬ አቅፋታለሁ፤ ሳትወድቅ መውደቋ ይታየኛልና። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ፊዚዮቴራፒስት ስታየኝ ከረመችና፣ «ስማ እንጂ ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንተ እንደ ዶሮ ላዩ ላይ ተቀምጠህበት መቼ ይሂድ?» አለችኝ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እናቶች በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ልጅቷ ሚዛኗን መጠበቅ የምትማረው ሚዛኗን ስትስት መሆኑን፣ እኔ እየቀደምሁ ከያዝኋት ግን መቼም እንደማትማር አስረዳችኝ። በዚህ ከቀጠልሁ ከክፍሉ እንደምታስወጣኝም አልሸሸገችኝም።

ትናንት ጠዋት አዛዧን በወፍራሙ ፍራሽ መካከል አቆምኋትና፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ኃላፊዋ ከማዶ ታየናለች። ልጅቷ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። አባቴ፣ ላቤ ጠብ ጠብ አለ! እጆቼ የሌላ ሰው ይመስል ይታገሉኝ ጀመር። በመቀመጫዋ ዱብ አለች፤ ልቤም አብሯት ወደቀ። ታለቅሳለች ስል፣ ቀና ብላ «ለምን አልያዝከኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። «ትችያለሽ ብዬ ነዋ» አልኋት። «እሺ፣ ዞር በል!» አለች። መዳፎቿን ፍራሹ ላይ ተክላ፣ ወገቧን ሽቅብ አንሥታ፣ እያቃሰተች፣ እየተንገዳገደች ቆመች! ማንም ሳይነካት ቆመች! ዳግመኛ ዘመም ስትል አንድ እግሯን ፈንጠር አድርጋ ራሷን በራሷ መለሰች። እናቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። እኛ ስናጨበጭብ አዛዧ፣ «ዝም በሉ፣ ልትጥሉኝ ነው!» ብላ ገሠጸችን።

ኃላፊዋ አላመሰገነችኝም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ልጆች እጨምርልሃለሁ፤ ልብስ ማጠቢያው ሌላ ሰው ይፈልግ» ብላኝ ሄደች። አባቴ፣ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስሄድ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ምን ይለኛል እንኳ አላልሁም!

እናቴን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜን በርታ ይበሉልኝ። አጎቴንና ባለቤታቸውን እጅ ነሥቻለሁ። የታላቅ እህቴ ልጅ ቆሞ ለመሄድ ይሞክራል መባሉን ሰምቼ ፈነደቅሁ። በተንገዳገደ ቁጥር እየተሻማችሁ እንዳትይዙት፤ ፍራሽ አንጥፉለትና ተዉት። ፍራሹ ግን፣ አደራ፣ ወፍራም ይሁን።

አክባሪ ልጅዎ
ከሕፃናት ማገገሚያው የሠራተኞች መኖሪያ
እሑድ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን