ይመኙሻል ያልለቀቀችው እጅ

ይድረስ ሐረርጌ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለዘርአ ዳዊት።

ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ፣ ጉልበትህስ እንዴት ነው? የቆላው ንዳድ ተወህ ወይ? የአንኮበርን ብርድ አንተው ታውቀዋለህ፤ ሁላችንም ግን እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ሁላችንም ስል በዋዛ አይደለም፤ እናታችንን ልናጣት ነበር።

በገና ዋዜማ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ልትሠራ ሰም ስታቀልጥ፣ ድስቱ ከጉልቻው ተንሸራተተና የፈላው ሰም ቀኝ እጇን ከክርኗ እስከ ጣቶቿ አለበሳት። እኔ የረጋውን ሰም ልልጥላት ስል ሚስትህ ይመኙሻል ክንዴን ያዘችኝና፣ «ተው፣ ቆዳዋን ይዞ ይመጣል» አለችኝ። ጎረቤቶች ቅቤና አመድ ይዘው ቢመጡ እነሱንም ከደጅ መለሰቻቸው። እጇ ሳያብጥ ቀለበቷን አወለቀችላት፤ ከዚያ የእንስራውን ውሃ ቀስ እያለች ታፈስባት ጀመር። ውሃው ሲያልቅ እኔን ወደ ምንጭ ሰደደችኝ፤ እናታችን በብርድ እንዳትንቀጠቀጥም የራሷን ጋቢ አለበሰቻት።

ሰሙ በውሃው ላልቶ በራሱ ሲለቅ፣ ከሥሩ ውሃ የቋጠረውን አላፈነዳችም። አሮጌ ነጠላ ቀቅላ አደረቀችና ነጭ ማር ቀብታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለየብቻ ጠቀለለቻቸው። ትኩሳቱ ሲነሳባት አጥሚት እያጠጣች ከአጠገቧ አልተነሳችም። የአንጥረኛ ልጅ ናትና በአባቷ ወናፍ አጠገብ ስንት የተቃጠለ ሰው አይታለች። እናታችን ይህንኑ የአንጥረኛ ልጅነቷን ስትጠላባት እንደኖረች አንተም አትስተውም።

የከፋው ግን ቁስሉ መጠገግ ሲጀምር ነው። ጣቶቹ ተያይዘው እንዳይቀሩ በየማለዳው ትዘረጋቸዋለች፤ እናታችን ትጮኻለች፣ ትራገማለች፣ አረመኔ ትላታለች። ይመኙሻል እንባዋ እየወረደ እጇን አትለቅም። እኔ ወንድ ነኝ ባዩ ጩኸቱን አልችል ብዬ ደጅ እወጣ ነበር። እንዲህ ያለ አንጀት አይቼ አላውቅም፤ ወንድም ጋሼ፣ ታድለሃል።

ትናንት እናታችን እንዝርት ይዛ ፈተለች። ትንሿ ጣቷ ብቻ እምቢ ብላታለች።

አባታችን ቄስ ወልደአረጋይ በጸሎት ያስቡሃል። እኅታችን በሰለች እጅ ትነሳለች። ይመኙሻል ናፍቆቷን አፍራ አልነገረችኝም፤ ስምህን ስጠራ ግን ፊቷ ይናገራል። ወደ አንተ እንድንሰዳት በነጋዴዎች የላክኸውንም ቃል ለእናታችን ነገርኋት። እንዲህ በልልኝ አለች፦ «ልጄን አልሰድም። የናፈቀው እሱ ይምጣ።»

ወንድምህ ገብረ ጻድቅ
አንኮበር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት