የምናስቀረው ቤት

ሰኞ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1967

እስከ ቅዳሜ አንዱን ምረጡ ተባልን። አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሁለት ቤት መያዝ የለም፤ አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለመንግሥት። ታችኛው፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ያለው፣ የምንኖርበት የጭቃ ቤት ነው። ላይኛው መኪና መንገዱ ዳር ነው፤ ባሌ ቶሎሳ ከእህል ንግዱ እየቆጠበ ያሠራው የብሎኬት ቤት። የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰው ተከራይቶት ነበር፣ ተዛውሮ ሄደ።

ቶሎሳን "ምረጥ" ብለው፣ "አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ምረጪ" ይለኛል። አብረውን የሚኖሩት የሱ እናት፣ የምጨነቀው እኔ! በመጨረሻ "ነገ ላይኛው ቤት ገብተን እንሞክረው" አልኩ። ቤት እንደ ጫማ ይለካል እንዴ?

ማክሰኞ

ፍራሽ፣ ድስት፣ የከሰል ምድጃ፣ ከዚያ አማቴ ሀርሜ። ወጣን።

ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው። "ጭሱ በየት ሊወጣ ነው?" አሉ ሀርሜ። ምድጃውን አውጥቼ በረንዳው ላይ፣ የአምቦ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሽሮ ሠራሁ። ጓሮ የሚባል ነገር የለም። ግቢው ያለው ከፊት ለፊት ነው፤ እሱም የተከረከመ ሣርና ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን ኖራ የተቀባ ድንጋይ። ያምራል። ግን ምኑ ይበላል? ለአንድ እፍኝ ጎመን ታች ድረስ ወረድኩ።

ድል፦ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውኃ መጣ። እንደ ልጅ ደጋግሜ ከፈትኩት።

ረቡዕ

የታች ጎረቤቴ ጫልቱ ልትጠይቀን መጣች። ታች ቤት ሳትጣራ በጓሮ በኩል ዘው ትል ነበር። ዛሬ የሚያብለጨልጨውን ሲሚንቶ አየች፣ ጭቃ የነካ እግሯን አየች፣ በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች። "ግቢ እንጂ" ብላት፣ በኦሮምኛ "ላኪ፣ ላኪ" አለች፤ "አይሆንም፣ ቤትሽን አላቆሽሽም" ብላ ተመለሰች።

ከፋኝ። በዚህ ቤት ሰው ናፍቄ ላረጅ ነው? ቶሎሳ ሲመጣ "ታችኛው ይሁን፣ ሀርሜም የለመዱት እሱን ነው" አልኩት። "እንዳልሽ" አለ፣ ፊቱ ግን ጠቆረ።

"ምነው?"

"ምንም።"

የዚህ ሰው "ምንም" ዛሬም አይገባኝም።

ሐሙስ

ዶፍ ዝናብ። ጠዋት ብነሣ ሀርሜ አልጋቸው ላይ የሉም። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ሽንት ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ታች ቤት ጭቃውን ደግፌያቸው እንሻገራለን፣ ከዚያ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደንግጬ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ ግቢውን ዞርኩ። ለካስ እዚሁ ቤት ውስጥ ካለው ሽንት ቤት ገብተው፣ በሩን ቆልፈው ኖሯል።

"ሀርሜ፣ ልያዝዎት?"

"ሂጂልኝ!"

ሲወጡ ይስቃሉ። "ኢንታሎ፣ ልጄ፣ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ እኔ በሀፍረት ስሞት ነው የኖርኩት። ዛሬ ብቻዬን ገባሁ፣ ብቻዬን ወጣሁ።"

"እኛ እኮ ታችኛውን ይመርጣሉ ብለን..."

"ማን ጠየቀኝ?"

እውነትም ማን ጠየቃቸው? አፈርኩ።

ዓርብ

ሀርሜ ያሉትን ለቶሎሳ ነገርኩት። "እኔም ላይኛው ይሁን ማለት ፈልጌ ነበር፣ ያንቺን ጓሮ አስቤ ተውኩት" አለ። ይኼ ነበር "ምንም"!

ላይኛው ከሆነ ታዲያ ታች ጓሮ የተከልኩትን ጎመንና ጌሾ ነቅዬ ልውሰድ? ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ "መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ተክሉም አብሮ" አለኝ። ሌላው "ተክል ቤት አይደለም፣ ውሰጂ" አለኝ። እርስ በርስ ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ። ጌሾዬም ትርፍ ቤት ሆነ?

ቅዳሜ

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ "ኦቦ ቶሎሳ፣ ላይኛው ነው?" ብሎ ደግሞ ጠየቀ። ቶሎሳ እኔን አየኝ። "ላይኛው" አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ፈረምን፣ የታችኛውን ቁልፍ አስረከብን። እሱ ወደ ሱቁ ሄደ፣ እኔ ገበያ ደርሼ ምሳ ልሠራ ወደ ቤት።

ሀርሜ ደስ ብሏቸዋል፣ እኔስ ደስ ብሎኛል? ይህን እያሰብኩ ስራመድ ቀና ብል ታችኛው ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ቶሎሳ ነው።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ምሳ ልበላ" አለ።

ሳቅሁ፣ ሳልጨርሰው እንባዬ መጣ። እጄን ያዘኝና ዳገቱን ወጣን።