የፎቶው ባለቤት እኔ አይደለሁም

ለክቡር አቶ ሳምሶን
የንጋት ቤተ መጻሕፍት የመዛግብት ክፍል ኃላፊ
ዲላ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን በአደባባይ ልነግርዎ ነውና፣ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ክፍልዎ ቁልፍ የጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። «ሴቶች በትምህርት ታሪክ» ባሉት ስብስብ መግቢያ በሰቀሉት ፎቶግራፍ ላይ፣ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት የቆመችው ሴት እኔ አይደለሁም። መንበረ ናት። ጨለለቅቱ ላይ ሴቶች ልጆችን ሰብስባ ፊደል ያስቆጠረች እሷ ናት፤ እኔ ፎቶው ሲነሳ ጓሮ ልብስ አጥብ ነበር።

ባለቤቴ መምህር ልዑልሰገድ ካረፉ በኋላ የወረቀት ሣጥናቸውን ሳስረክብ፣ ሠራተኛዎ «ይቺ እርስዎ ነዎት?» ብትለኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። መንበረ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እንድማር ስትለምነኝ «የርዕሰ መምህር ሚስት ከሕፃናት ጋር?» ብዬ ያሳፈርኳት ሳያንስ፣ ቦታዋንም ወሰድኩባት። ማንበብን ኋላ ለብቻዬ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለቃቀምኩ።

ጥፋቴ ይኸው ነው። የቀረው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በየተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ከፎቶው ሥር «መምህር ልዑልሰገድ ከባለቤታቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር» ብለው ስላጻፉ አመሰግናለሁ፤ በሴቶች ስብስብ ውስጥ ስም ያለው አንድ ወንድ ብቻ መሆኑ ለፈላጊ ያመቻል።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የሴቶች ቀን ሲደርስ መድረክ ላይ አውጥተው ካባ ስለሚያለብሱኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አምና «ኧረ እኔ አይደለሁም» ብል፣ «እማማ ይመኙሻል፣ እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» ብለው አዳራሹን አስጨበጨቡ። ዘንድሮ አልመጣም ብል መኪና ላኩልኝ። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ጭብጨባው እየበረታ፣ ከዚያ ፎቶ የምወጣበት በር አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ እንዲታረም ባመለክት «የሰነዱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል» ተባልኩ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ባለቤቴ ናቸው። እሳቸው ያሉበት አገር የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መሄዴስ አይቀርም፣ ነገር ግን የተፈረመውን ፈቃድ ይዞልዎ የሚመለስ አይኖርም።

መንበረ ገደብ ከተማ፣ ልጇ ቤት ተኝታለች፤ ሐኪሞቹም ቤት ትሁን ብለው መልሰዋታል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ስሟ ከፎቶዋ ሥር በሕይወት ሳለች ይጻፍ። ከሞተችማ፣ እርስዎ ለሙታን ያለዎትን አክብሮት ስለማውቅ፣ አልሠጋም።

የባለቤቴ ባለቤት፣ የፎቶው ግን ያልሆንኩ፣
በካባዎ ሥር በላብ የራስኩ አክባሪዎ
ይመኙሻል

ማስታወሻ፦ ለሚመጣው የሴቶች ቀን መኪና በመላክ እንዳይደክሙ። ካባውን አጣጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር ለባለቤቱ ልኬዋለሁ፤ ለዚህ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ግልባጭ፦
ለመምህርት መንበረ፣ ገደብ፤ ዓይኗ ስለደከመ ልጇ ሀሴት ጮክ ብላ ታንብብላት።