ከምድር ቤቱ በታች

ካርቨርተን፣ ፔንሲልቬኒያ
ኖቬምበር 9 ቀን 1996

ሊዮን ልጄ፣ የእናትህ ዓይን፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? የላክሁልህን ካልሲ ደርበህ አድርግ፤ መቼም አትሰማኝም። እኛ ጤና ነን። ሚስትህ ሮንዳና ልጆቻችሁ እኛ ዘንድ ናቸው፤ ትንሿ ቴስ የልጅነት አልጋህን ወርሳለች።

በስልክ ስለ ቤታችሁ ስትጠይቀኝ "ደህና ነው" ያልኩህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ደህና አይደለም። መሬቱ እየሰመጠ ነው። የወጥ ቤቱ በር አይዘጋም፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ እጄን ያስገባል። ኢንሹራንስ ስላልገባችሁ የሚደርስልን የለም።

ስትገዙ ቤቱን ያየላችሁን መርማሪ ግን እከሰዋለሁ እንዳትል። ሚስተር ፕሩት ሳይገደድ ማክሰኞ መጣልን። ስንጥቁን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እማማ፣ ያን ቀን ይሄ ግድግዳ ደህና ነበር። እኔ በዕለቱ ዓይኔ ያየውን ነው የምናገረው። ግድግዳ አልፈለፍል፣ መሬት አልቆፍር፣ የነገን አላውቅ።"

እውነቱን ነው። ልትገዙ ስትሉም ይህንኑ ነግሯችኋል። ከሥር ያለውን አሮጌ የከሰል ማውጫ እኔ አላይም፣ ካርታው ያለበትን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፣ ለመስመጡም ኢንሹራንስ ግቡ ሲል እዚያው ቆሜ ነበር።

አባትህ ነው የሳቀበት። "ስማ አንተ ጎረምሳ፣ አንተ ጣሪያህን እይ፤ የታቹን ለኔ ተወው። ይሄን ሰፈር ከሥሩ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። የከሰል ምሰሶውን ትተን ነው የወጣነው" አለው። አንተም አብረኸው ሳቅህ። በእኛ ከተማ የቆፋሪ ልጅ አባቱን ትቶ ካርታ ቢጠይቅ ነውር ነው፤ ማን ይፈርድብሃል?

አሁን አባትህ በየቀኑ ወደ ምድር ቤታችሁ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይቆማል። ማውጫው ሊዘጋ ሲል የነበረው ክረምት በሐሳቤ ይመጣብኛል። ጣሪያውን እንዲሸከም የተተወውን የከሰል ምሰሶ ሳይቀር ነቅለው አወጡት ይባል ነበር፤ ክፍያው እጥፍ ነበር። ቀዩን ብስክሌት የገዛልህ ያን ክረምት ነው።

ትናንት ለአባትህ ሾርባ ወስጄለት "ካስ፣ ማውጫው ሊዘጋ ሲል የቱ ጋ ነበር የምትሠራው?" አልኩት። ሾርባውን ማማሰል ያዘ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር እንዲህ አንሶ አይቼው አላውቅም። ቤቱን ደግፌ አላቆመው፣ እሱን ገስጬ አላናግረው፤ ጨነቀኝ ልጄ።

አሁን በትከሻዬ በኩል ብቅ ብሎ "ለሊዮን ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ኮቱን እየለበሰ "ምሰሶው እንዳለ ነው በይው" ብሎ ወደ ቤታችሁ ሄደ።

እንዳለው ጽፌልሃለሁ። ልጄ፣ አንተ እንኳ የቆምክበትን መሬት እግዜር ያጽናልህ።

እናትህ ዶሎረስ