ቀኑን ሳይቀይር ቦታውን ስለቀየረው መንገድ

ለተከበሩ የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ ከነጸሐፊዎና ከነማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ደህና ነኝ፤ የድረ ገጽዎ ጤንነት ግን እያሳሰበኝ ስለመጣ ይህንን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። የስፌት መኪናዎቹ ፋብሪካዎች የጥገና መመሪያቸውን ሳይሰናበቱ ከኢንተርኔት ላይ እያነሱ ስላስቸገሩኝ፣ የሚጠቅመኝን ገጽ ሁሉ ከሱቄ ጠረጴዛ ሥር ባለች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ለምዶብኛል። ከእሷው ላይ የራሴን ድረ ገጽ ስለከፈትኩ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያነባል። ጠዋት ጠዋት ሽርጤን ሳልታጠቅ የእርስዎንም የማስታወቂያ ገጽ እገለብጣለሁ።

1ኛ. ቁጥር አርባ ሁለት ማስታወቂያዎ አዲሱ መንገድ ከታላቅ እህቴ አጥር ጀርባ እንደሚያልፍ ይናገር ነበር። እህቴም ይህንኑ እውነት ብላ የመቃወሚያውን ሠላሳ ቀን በዝምታ አሳለፈች፤ በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ግን ያው ማስታወቂያ፣ በዚያው ቁጥርና በዚያው ቀን፣ መንገዱን በመኝታ ክፍሏ መሀል ሲያሳልፈው አገኘሁት። ገና ያልተሠራ መንገድ እንዲህ ሲንቀሳቀስ በዕድሜዬ አላየሁምና ለጥበብዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. እህቴ ቀርባ ብትጠይቅ የፊተኛው ማስታወቂያ ጭራሽ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ምናልባትም መነጽሯን መቀየር እንደሚገባት በትሕትና ነግረዋታል። ስለ ዓይኗ ስላሰቡላት እግዜር ይስጥልኝ። እሷ ግን ሦስት ልጆች ያሳደገችበትን ክፍል ግድግዳ እየዳሰሰች፣ በእርግጥ ተሳስቼ ይሆን እንዴ እያለች ስትጠይቀኝ የገለበጥኩትን የፊተኛውን ገጽ ከፍቼ አሳየኋት።

3ኛ. ቅጂው በእኔ ዘንድ መኖሩ በተሰማ ማግሥት ሁለት ጨዋ ሰዎች ኮምፒውተሬን ለምርመራ ሊወስዱልኝ መጡ። እምቢ ካልኩ ወዲህ ከመደዳው ሱቆች ሁሉ የእኔ መብራት ብቻ ይጠፋል። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ስለዚህ ፋርማሲስቷ፣ ፀጉር አስተካካዩና ጡረታ የወጡት መምህር ቅጂውን በየቤታቸው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው እንደ እኔው ለአንባቢ ከፍተውታል፤ የአንዳችን ቢጠፋ የሌላው አለ። ሁለቱ ጨዋ ሰዎች በየቤቱ ሲዞሩ እንዳይደክማቸው ብቻ እሰጋለሁ።

4ኛ. አራተኛውን ቅሬታዬን ኖሮ እንደማያውቅ ይቁጠሩልኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ሐሙስ አቤቱታ ሰሚው ጉባኤ የእህቴን ጉዳይ ከማየቱ በፊት መንገዱን ወደ ነበረበት ይመልሱልን።

በዓይኑ ያየውን ጽፎ ማስቀመጥ ያላቆመው እጅግ አክባሪዎ፣
የስፌት መኪና ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮምፒውተሬ የሚጎበኟትን ሁሉ አድራሻ ትመዘግባለች። ማክሰኞ ጠዋት፣ ኖሮ አያውቅም ያሉት ገጽ ከጽሕፈት ቤትዎ የኢንተርኔት መስመር አሥራ ሰባት ጊዜ ተከፍቷል። ጠፍቶብዎት ከሆነ አይቸገሩ፤ ሐሙስ ከነጉብኝቶቹ ዝርዝር አትሜ ለጉባኤው ይዤ እመጣለሁ።