ሽማግሌዎቹ ይመለሱ

ይድረስ ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ ወይስ አሁንም ጃኬትህን ትከሻህ ላይ ጥለህ ነው የምትዞረው? እናትህስ፣ ስኳራቸው እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ይቆጣል፣ ይበላል፣ ዕድር ላይ ይከራከራል። ፒያሳ ስትሄድ የተውካት አይደለችም፤ ግማሽ ሠፈራችን ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእኛ ግቢ ግን እስካሁን አለ። በስልክ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንብቦ ዝም ማለት ይቀላል፤ ወረቀት ሲሆን ቢያንስ የት ላስቀምጠው ብለህ ትጨነቃለህ።

ቪዲዮውን አይተኸዋል ብዬ እገምታለሁ። አገር ያየውን አንተ ብቻ አላየሁም ብትለኝ አላምንህም። እንዴት እንደተሠራ ግን ከእኔው ብትሰማ ይሻላል፤ ያለቀስነው አንሶ መሣቂያ አደረገችን ብለህ ተቀይመኸኝ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከጓደኛዬ ከፅናት ጋር ስለፈረሱት ቤቶች አጭር ፊልም ሠርተን ነበር። ካሜራ ተውሰን፣ የማለዳ ብርሃን ጠብቀን፣ ክራር ተጫዋች ለምነን፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እየቀረጽን ዓመት ፈጀብን። ዩቲዩብ ላይ ስንጭነው አክስቶቼ አዩት። ፅናት ደግሞ ሰው ያየው እንዲመስል በእናቷም በእህቷም ስልክ እየከፈተች አየችው። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም። ከልቤ አዝኜ ነበር።

ጾም ሲገባ የምሠራበት ኬክ ቤት እንዴት ጭር እንደሚል ታውቃለህ፤ ከሰዓት በኋላ ዝንብም አይገባም። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ ስልኬን ባንኮኒው ላይ ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደገፍኩና ሽማግሌ ሆኜ መጫወት ጀመርኩ። ለላውንደሪ ልሰጠው ይዤው የወጣሁት የአባባ ኮት አጠገቤ ነበር። እሱን ስለብስ አባት እሆናለሁ፣ ነጠላዬን ስደርብ ሽማግሌ። ሦስቱም ሽማግሌዎች እኔው ነኝ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፣ አባትየው ጉሮሮውን ጠርጎ ቤተ ዘመድ ላማክር ይላል፣ እነሱም እሺ ብለው ይሄዳሉ። እስከዚህ ድረስ የእኛው ታሪክ ነው፤ ሽማግሌዎችህ የመጡ ዕለት የሆነው። የቀረውን ፈጠርኩት፤ አባትየው ይመለሳሉ ብሎ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ሥር ቆሞ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር ጉሮሮውን እየጠረገ ይጠብቃል። የሚመጣው ግን አንዴ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ አንዴ ቆራሌው። መጨረሻው ላይ ስልኩ ተንሸራቶ ጣሪያውን ቀርጿል። ሳላስተካክለው እንዳለ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት።

ይህ ነው እንግዲህ አገር ያነቃነቀው። በማግስቱ ወያላዎቹ ሳይቀሩ እኔን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ጀመር። ኬክ ቤቱ በጾም ሞላ፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ከእኔ ጋር ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ምኑን እንደወደዱት እስካሁን አልገባኝም። ፅናትም ምክንያቱን ስትፈልግ ቆይታ ተወችው። ሁለተኛውን በጥንቃቄ፣ በመብራት፣ ጢም ሳይቀር ለጥፈን ሠራነው፤ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ዝነኛ ሆነች ብለህ አትፍራኝ።

ከመጀመሪያው ሥር የተጻፈው አስተያየት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የማላውቀው ሰው ሁሉ፣ ከየከተማው፣ ምነው ሳይመለሱ ቀሩ፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ ይላል። እያነበብኩ ስሥቅ ሰንብቼ አንድ ቀን አለቀስኩ። ናፍቀኸኝ ነው፤ ምን እደብቅሃለሁ።

አባባ እንዳያይብኝ ስጸልይ ነበር። ታውቀዋለህ፤ ስሙ በአደባባይ ሲነሣ አይወድም፣ ያውም በገዛ ኮቱ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የዕድር ስብሰባ ላይ አንዱ ጉደኛ አሳየውና ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤቱ ድረስ ከች አለ። እዚህ ስሠራ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ጥግ ይዞ ሻይ አዘዘና እስቲ አምጪው አለኝ። ከፈትኩለት። ከቤት ቢያስወጣኝ ማን ጋ እንደማድር ሳይቀር አስቤ ጨርሼ ነበር። ፈገግ ሳይል እስከ ጣሪያው ድረስ አየው። እንደገና አስከፈተኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ በሩ ሥር አልነበርኩም፣ መስኮቱ ጋ ነበርኩ አለኝ።

ክው አልኩ። እኔ ለሣቅ የፈጠርኩትን ሰውየው ኖሮታል። ቤተ ዘመድ ላማክር ማለት እኮ ተመለሱ ማለት ነው አለኝ። ልጁን በመጀመሪያ ቃል የሚሰጥ አባት ልጁን ያራከሰ ነው፤ እሱም የእናቴን አባት እሺ ያሰኘው ሽማግሌ አመላልሶ ነው። የአንተ ሽማግሌዎች ግን በተከታዩ እሁድም፣ በሌላውም ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠየቅ ሆነች ብሎ ተቀየመ። እኔም አንተ የነገርከኝን ነገርኩት። ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎትህ ጋሽ ሚልክያስ ያንኑ ቃል በሌላ ጆሮ እንደሰሙት፣ ጴንጤ ስለሆንን በጨዋ ደንብ መለሱን እንጂ አልፈለጉንም፣ ከእንግዲህ ደጅ አንጠናም ብለው እንደቀሩ። አባባ ሻዩን እያማሰለ፣ እኔ ሃይማኖት መች አነሣሁ አለ። አላነሣህም፣ እነሱም አላነሡም፣ ነገሩን ያበላሸው ይኸው ነው አልኩት። ከዚያ አስተያየቶቹን አስነበበኝ። ይመለሱ፣ ይመለሱ እያልኩ ሳነብለት ሰማና፣ ልጅ በሕዝብ ጩኸት አይዳርም፣ ወግ አለው ብሎ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ።

ወሬዬ ይህ ነው። የቤቶቹንም ፊልም አሁን አንዳንድ ሰው እየፈለገ ማየት ጀምሯል፤ ፅናት ደስታዋን አልቻለችውም። አንተንም ፈጣሪ በጤና ይጠብቅህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ በሄድክበት የሰው ፍቅር ይስጥህ። እናትህን አቅፈህ ሳምልኝ።

ጋሽ ሚልክያስንም እንዴት ከርመዋል በልልኝ። ያመማቸው የነበረው ጉልበታቸው ተሽሏቸው እንደሆነ፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ እኛ ቤት ያለውን ዳገት አሁንም በእግራቸው መውጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀህ ጻፍልኝ። ጠይቂው ያለኝ አባባ ነው።

የአቶ ካሳዬ ልጅ