የማን ኮርስ ይውጣ?

ሰኞ

የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ስሜ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ ምርጫ የሚሉት ይሄንን ነው። ሥራችን የመካኒካል ምህንድስናን ሥርዓተ ትምህርት መከለስ ነው። ልጆቹ ማሽን ሳይነኩ ይመረቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ኮርስ ወጥቶ የወርክሾፕ ትምህርት ይግባ ተባለ። ሁላችንም ተስማማን። የክፍሉ ኃላፊ «የማን ይውጣ?» ሲል ግን ሁሉም አቀረቀረ።

ማክሰኞ

ሁሉም ኮርሱን እንደ አባቱ ርስት ያዘ። ቴርሞዳይናሚክስ የሚያስተምረው ሳሙኤል «የእኔ ከወጣ ስለ ሙቀት የሚያውቅ ሰው አይኖርም!» አለ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ። እኔም አልተሻልኩም። የማስተምረው የማሽን ንድፈ ሐሳብ የሙያው አከርካሪ ነው ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በኋላ አፈርኩ። ትንሽ።

ረቡዕ

ቀጣሪ ጠይቂ ተብዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሄድኩ። የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ተክሌ በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው።

«ተማሪዎቻችን ምን ይጎድላቸዋል?» አልኳቸው።

«ዕውቀት ሞልቷቸዋል። ማሽን ይፈራሉ እንጂ።»

አንዱ ምሩቃችን የቆመ የሱፍ ማበጠሪያ ፊት ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ዋለ አሉ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ማሽኑ ግን አልተነሳም። ከት ብዬ ሳቅኩ።

«እስቲ መምህርት፣ የዚህን ማበጠሪያ ብሎን እርስዎ ይፍቱት» ብለው መፍቻ አቀበሉኝ።

ብሎኑን የፈታሁ መስሎኝ አጠበቅኩት። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ስለዚሁ ነው።

ሐሙስ

ቃለ ጉባኤው ላይ «ቀጣሪው ጠቃሚ አስተያየት ሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። ፈሪ!

ዓርብ

ተናገርኩ። ብሎኑን ጭምር። ኮሚቴው በሳቅ ሞተ። «ስለዚህ የእኔ ኮርስ በግማሽ ይቀነስ» ስል ሳቁ ቆመ። ሳሙኤል ቀስ ብሎ «እኔም ቦይለር በሥዕል ነው የማውቀው። ከእኔም ቀንሱ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከምሳ በፊት የወርክሾፑ ትምህርት ቦታ አገኘ።

«ማን ያስተምረው?» አለ ኃላፊው። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ።

ቅዳሜ

ጋሽ ተክሌን ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። የሰው ቱታ አጥልቄ ማበጠሪያውን ስፈታ፣ ሳጸዳ፣ ስገጥም ዋልኩ። ሁለት ጥፍሬ ተሰበረ። ፊቴ ግሪስ በግሪስ ሆነ።

«በሉ ያስነሱት» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፉን ተጫንኩ። ተነሳ! እልል አልኩ፤ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ለዶክትሬቴም እንዲህ አልተደሰትኩም።

ጋሽ ተክሌ እስክረጋ ጠብቀው፣ «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ያጥፉት» አሉ።

በየት በኩል?